ሞተር የማይሰማበት የባሮ ዳር መንገድ

ከኢታንግ ወደ ጋምቤላ ከተማ የሚያደርሰው መንገድ ሁለት ነው። አንዱን ሁሉም ያውቀዋል። ሚኒባሱ፣ አይሱዙውና የዕርዳታ ድርጅቶች ነጭ ላንድክሩዘር ጡሩንባ እየነፉ የሚመላለሱበት፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ግድም የሚሆን የመኪና መንገድ ነው። ሌላው ካርታ ላይ አይገኝም። ባሮን ተከትሎ ከመንደር መንደር ይቀባበላል፤ አንዳንዴ ወንዙ አፋፍ ላይ ይወጣል፣ አንዳንዴ ቁመት የሚውጥ ሣር ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋና ትንሽ ራቅ ብሎ ይገኛል። መኪና አይሄድበትም። ከልካይ ኖሮት ሳይሆን ስለማይበቃው ነው።

ጥር ላይ በጠዋት የወጣ ሰው ይህን መንገድ በሥራ ላይ ያገኘዋል። የክረምቱ ውሃ ከሸሸ ወራት ስላለፉት መሬቱ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ጠጥሯል። በወንዙ በኩል አኙዋዎች ውሃው ጥሎት በሄደው እርጥበት ላይ የዘሩት በቆሎ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፤ በሌላው በኩል ያለው ሣር ቢጫ ነው፤ ከፊሉም ተቃጥሎ ጠቁሯል። እንጨትና ጆንያ በራሳቸው የተሸከሙ ሴቶች አንገታቸውን ሳያዞሩ ያልፋሉ። የኑዌር ልጆች ቀንዳቸው የረዘመ ከብቶችን ወደ ውሃ ይነዳሉ። በመሃል ቃጭል የሌለው ብስክሌት በነጂው ፉጨት መንገድ እያስለቀቀ ይመጣል። መሪው ላይ በገመድ የታሰረ ዓሣ ተንጠልጥሏል፤ ከኋላ መጫኛው ላይ ደግሞ ሕፃን ያቀፈች እናት በጎን ተቀምጣለች። «ማሌ» ይላል ነጂው በኑዌርኛ። «ማሌ» ይሉታል ሁሉም፤ እግራቸውን ወደ ሣሩ ፈቀቅ ያደርጋሉ፣ ከብቶቹ ግን አያደርጉም። ብስክሌቱ ይቆማል፣ እናትየው ትወርዳለች፣ መንጋው ያልፋል፣ ጉዞው ይቀጥላል።

በአውሮፓ እንዲህ ያለ መንገድ ለማግኘት ሰዎች የዓመት ፈቃዳቸውን ይጠብቃሉ፣ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፣ አገር አቋርጠው ይሄዳሉ። ኢታንግ ውስጥ ሰው በየቀኑ ይሄድበታል፤ ማንም ግን መንገድ ብሎ አይቆጥረውም።

የዚህን መንገድ ጠባይ ለማወቅ ከመሐንዲስ ይልቅ ብስክሌት ጠጋኝ ይጠየቅ። ኢታንግ ከተማ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር የሚሠራ አንድ ወጣት አለ። ዕቃው የተበሳ የሚለይበት ውሃ የሞላ ሳፋ፣ አንድ መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ የብረት ብሩሽና በቢላ የተቆራረጠ አሮጌ ከመነዳሪ ነው። አንድ ጎማ ፈትቶ ከመነዳሪውን ሲያወጣ ልጥፉ ብዛቱ ጉድ ያሰኛል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ የመጀመሪያው ላስቲክ የቱ እንደሆነ አይለይም። ከመነዳሪውን ሲመልስ በእሱና በጎማው መካከል ከመኪና ጎማ በስሱ የተላጠ ቀጭን ላስቲክ ዙሪያውን አነጠፈ።

«ይሄ ለምንድነው?» አልኩት።

«ለእሾህ፣ ጋሼ። ሣሩ ሲቃጠል ሥሩ ይቀራል፣ እንደ ምስማር ነው። በጋ ላይ እሱ ነው የሚበሳው።»

«ክረምት ላይስ?»

ሳቀ። «ክረምት ፓራፋንጎ እንፈታለን።»

ነገሩ የገባኝ ከጎኑ የተከመረውን የጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ ሳይ ነው። የባሮ ሜዳ አፈር መረሬ ነው። ሲረጥብ ጎማ ላይ ይጠመጠማል፣ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቃል፤ ትንሽ እንደሄደ ብስክሌቱ እሺ ብሎ አይዞርም። ስለዚህ ዝናብ ሲጀምር ፓራፋንጎው ይወልቃል፤ ጀርባ በጭቃ ይለሰናል እንጂ ጎማው ይዞራል። ዝናቡ ሲበረታ ይሄም አያዋጣም፤ ብስክሌቱ ቤት ይገባል፣ ተራው የታንኳ ይሆናል።

ደገኛ አንባቢ ለምን አህያ እንደማይጭኑ ይጠይቅ ይሆናል። ጋምቤላ የቆላ ዝንብ አገር ነው። ዝንቡ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ከደጋ የወረደን የጭነት እንስሳ አይምርም፤ የጥንት ነጋዴዎችም ከጎሬ በኩል በቅሎ ጭነው ሲወርዱ ከሚፈሩት ነገር አንዱ ይሄው ነበር። የጭነት እንስሳ በሌለበት ሜዳ ላይ ሸክሙ ሁሉ በሰው፣ ያውም በአብዛኛው በሴት ራስ ላይ ይወድቃል። ብስክሌት እዚህ የወጣት መዝናኛ ሆኖ አልገባም፤ የገባው አህያ ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ሊሠራ ነው።

ኢታንግ ግን የመጓጓዣ ነገር ባዕድ ሊሆንባት የማይገባ ከተማ ናት። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል አራተኛው አንቀጽ ውስጥ የኢታንግ ስም ተጽፎ ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አቅራቢያ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ ሊያከራዩ ተስማሙ። ኪራዩ የሚቆየው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበር። በኋላ ሰዎቹ ቦታ ሲመርጡ ኢታንግን አልፈው ወደ ላይ ሄዱ። እንፋሎት መርከብ ሊደርስበት የሚችለው፣ ለደጋውም ቡና ይበልጥ የሚቀርበው ጋምቤላ ሆኖ ተገኘ። ውሉ ላይ ስሟ የሰፈረው ኢታንግ ቀረች፤ ከተማ የሆነችው ጋምቤላ ናት።

ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ባሮ የምዕራብ ኢትዮጵያ በር ሆኖ ኖሯል። መርከቦቹ ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይ፣ ከዚያም በሶባት ወንዝ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ፤ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናሉ። ሥራቸው ግን ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነበር። ውሃው ሲጎድል መርከብ የለም፤ ያኔ ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው እግረኛ ብቻ ነው። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አበቃ፣ መርከቡም እየተረሳ ሄደ። የእግር መንገዱ ግን ከመርከቡ በፊትም ነበረ፣ ከመርከቡም በኋላ አለ።

አንድ ጊዜ ከኢታንግ ወደ ታች ያለው የባሮ ዳር የእግር መንገድ ከአቅሙ በላይ ሰው ተሸክሟል። በደርግ ዘመን ኢታንግ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያ ነበረች፤ በጊዜው በዓለም ላይ ከነበሩት ትላልቅ መጠለያዎች አንዱ ሲሆን፣ ሰዉ በመቶ ሺዎች ይቆጠር ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ መጠለያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ሆነ። ያ ሁሉ ሕዝብ ልጁንና ዕቃውን ይዞ ባሮን እየተከተለ ወደ ደቡብ ሱዳን፣ ወደ ናስር አቅጣጫ በእግሩ ሄደ። ደቡብ ሱዳን እንደገና ጦርነት ውስጥ ስትገባ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ኩሌና ቴርኪዲ፣ በ2009 ዓ.ም. ንጉኒየል የተባሉት መጠለያዎች በዚሁ በኢታንግ አካባቢ ተከፈቱ። ዛሬ በመጠለያዎቹና በከተማው መካከል ያለውን የእግር መንገድ ያየ ሰው ብስክሌት ምን እንደሚሠራ ያያል። ራሽን የተቀበለ ጆንያውን ከኋላ ይጭናል፣ ወፍጮ ቤት የሚሄድ እህሉን፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ ታናሹን። ነጂው ብዙ ጊዜ አይነዳም፤ ወርዶ ይገፋል። የተጫነ ብስክሌት እየገፋ የሚሄድ ሰው በሁለት ራስ ሊሸከሙት የማይችሉትን ይዞ ይሄዳል።

የዚህ አገር ትልቁ ጌታ ግን ውሃው ነው። ባሮ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የብርብርንና የገባን ውሃ ይዞ ይወርድና ሜዳ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ያጣል። መሬቱ ዓይን በማያየው ሁኔታ ነው የሚያዘቀዝቀው። ደጋ ላይ ክረምት ሲበረታ ውሃው መሄጃ ያጣና በጎን ይፈስሳል። ሰዉ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ አኗኗሩም በዚሁ የተሠራ ነው። ኑዌሩ በክረምት ከብቱን ይዞ ከፍ ወዳለው መሬት ይወጣል፣ በበጋ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አኙዋው ወንዝ ዳር ሆኖ ጎርፉ የሚያመጣውን ደለል ያርሳል፣ ዓሣውን ያጠምዳል። ውሃው ከልኩ ሲያልፍ ግን ለማንም አይመለስም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ባሮ ሞልቶ ጋምቤላ ከተማን፣ ኢታንግን፣ ላሬንና ጅካዎን ሲያጥለቀልቅ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የእግር መንገዱ ከውሃ በታች ነው። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ተማሪ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሁሉም ታንኳ ጠባቂ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው የፈረንሳይን ነገር ማንሳቴ። ሎዋር የፈረንሳይ ረጅሙ ወንዝ ነው፤ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። እሱም ሜዳ ላይ ሲደርስ የሚንቀዋለል፣ በጋ ላይ አሸዋው የሚታይ፣ ሲሞላ ደግሞ አገር የሚያጠፋ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1846፣ በ1856 እና በ1866 ያደረሰው ጎርፍ እስከ ዛሬ ይወራል። እንደ ባሮ የንግድ ጀልባ ሲመላለስበት ኖሮ ባቡር ሲመጣ ጀልባው ቀርቷል። ዛሬ በወንዙ ዳርና ዳር 900 ኪሎ ሜትር የሚሆን የብስክሌት መንገድ ተዘርግቷል። ሁሉም ከመኪና የጸዳ ባይሆንም ከፊሉ ለብስክሌትና ለእግረኛ ብቻ የተለየ ነው፣ የቀረውም ጭር ያለ የገጠር መንገድ ነው። ቤተሰብ ድንኳንና ልብሱን በብስክሌቱ ጭኖ ከመንደር መንደር ሲሄድ ይሰነብታል። ከመንገዱ አምስት ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለ ማደሪያ ብስክሌት በሰላም የሚያድርበት ቦታና የመጠገኛ ዕቃ ካዘጋጀ የብስክሌተኛ እንግዳ ተቀባይ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት በሩ ላይ ይለጥፋል። ሌላም ቦታ፣ ቡርጎኝ ውስጥ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎ ሜትር ሥራ ያቆመ የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1997 የብስክሌት መንገድ ተደርጓል።

የሎዋር መንገድ ለቱሪስት ማማሩ አይደለም እኔን የሚስበኝ። የት ላይ እንደተሠራ ነው። ብዙ ቦታ ላይ ብስክሌተኛው የሚነዳው በጎርፍ መከላከያ ግድቡ አናት ላይ ነው። ፈረንሳዮች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ወንዙን ለመግታት ዳርና ዳሩን አፈር ሲከምሩ ኖረዋል፤ ከእያንዳንዱ ትልቅ ጎርፍ በኋላም ከፍ ሲያደርጉት። በኋላ የብስክሌት መንገድ ሲፈለግ ከፍ ያለ፣ ደረቅ፣ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ መሬት ተዘጋጅቶ አገኙ። አንድ ጊዜ የተከመረ አፈር ሁለት ሥራ ሠራ።

በኢትዮጵያ ስለ ብስክሌት ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ወይ ውድድር ነው ወይ ከተማ። ብስክሌተኞቻችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ተሳትፈዋል። የመቐለው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ላይ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። አዲስ አበባ ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አንዳንድ እሑዶችን «መንገድ ለሰው» ብላ ለመኪና ዘግታለች፤ የኮሪደር ልማቱም የብስክሌት መስመር ይዞ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አውጥቷል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም አዲስ አበባ ላይ ብስክሌት መንዳት ከዳገት ጋር መታገል ነው። ከካይሮ ተነሥተው ኬፕታውን ይደርሱ የነበሩት የውጭ ብስክሌተኞችም ኢትዮጵያ ይገቡ የነበረው በመተማና በጎንደር በኩል ስለሆነ የሚያስታውሱት የዓባይን በረሃ አቀበት ነው፤ ከድልድዩ እስከ አፋፉ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ መውጣት አለ። አገሪቱ ውስጥ ብስክሌት ያለ ላብ ሊሄድበት የሚችል ሰፊ ሜዳ ቢፈለግ ባሮ ዳር አለ። በተግባር የሚነዱበት ሰዎችም አሉ። ዕቅዱ ውስጥ ግን አይታዩም።

መቼም የጉብኝት ብስክሌት ኢታንግ ነገ ይገባል ብሎ የሚሰብክ ሰው አገሩን አያውቀውም። የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ይሻገራል፤ ቀትር ላይ የአገሬው ሰው ራሱ ጥላ ሥር ነው። ወባው አለ። ባሮ ውስጥ አዞ አለ፤ ላብ ለመታጠብ ያላወቀው ቦታ የሚገባ እንግዳ የሚጠብቀውን የመንደር ልጅ ይነግረዋል። ከሁሉም በላይ ባለፉት ዓመታት በኢታንግ ልዩ ወረዳ ውስጥ በተነሡ ግጭቶች የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ መንደር ተፈናቅሏል፤ መንገድ ላይ መሄድ ራሱ የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር። የእግር መንገዱ የአኙዋም የኑዌርም መንደር ውስጥ ያልፋል። ሰላም ሲኖር ዓሣ፣ ወተትና በቆሎ የሚለዋወጡት በእሱ ላይ ነው፤ ሰላም ሲጠፋ መጀመሪያ ሣር የሚበቅልበትም እሱ ነው። የመኪናው መንገድ በወታደር አጀብ ሊከፈት ይችላል። እግረኛና ብስክሌተኛ በአጀብ አይሄድም።

ሰላሙ ሲጸና፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ በአካባቢው ሰው መሪነት የሚመጣ መንገደኛ የሚያየው ነገር አያጣም። ጋምቤላ ከተማ ላይ የባሮ ድልድይና የወንዝ ዳር ማንጎዎች አሉ። ከወንዙ ወደ ደቡብ ያለው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ከደቡብ ሱዳን ጋር የሚመላለስበት ምድር ነው፤ ይህ ጉዞ በአፍሪካ ከታወቁት ትላልቅ የዱር እንስሳት ጉዞዎች አንዱ ነው። ማታ ላይ ዓሣ ይጠበሳል፣ ከማሽላ የሚሠራው ወልወል ይቀርባል። ቱሪስቱ የሚመጣ ከሆነ ይምጣ። ለኢታንግ ግን ሁለተኛ ነገር ነው፤ ለሎዋርም ቢሆን ግድቡ ቀድሞ የተሠራው ለቱሪስት አልነበረም።

ቀዳሚው ነገር ትንሽና የሚሠራ ነው። ክረምት ላይ መንገዱን የሚቆርጡት ረግረጎችና ትናንሽ ጅረቶች የትኞቹ እንደሆኑ በየቀበሌው የሚያውቁ ሰዎች አሉ። እነዚያ ቦታዎች ላይ ለሰው፣ ለከብትና ለብስክሌት የሚበቃ ጠባብ ድልድይ ለመሥራት የመኪና ድልድይ ያህል ብረትና ሲሚንቶ አያስፈልግም። ዛፍም ያስፈልጋል፤ ኒምና ማንጎ በዚህ አፈር ላይ በቶሎ ያድጋሉ፣ ከባድ ሸክም በራሷ የያዘች ሴትም የምታርፍበትን ጥላ ታገኛለች። ብስክሌቱም ቢሆን የወንድ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ዛሬ ሴቷ ከኋላ ተቀምጣ ወይም በእግሯ ስትሄድ እንጂ ስትነዳ የምትታየው አልፎ አልፎ ነው፤ ሸክሙ ግን የእሷ ነው። መለዋወጫውም እዚያው መገኘት አለበት። ኒሙ ሥር ያለው ወጣት ለአንድ ኩሽኔታ ሰው እስኪልክለት ድረስ ብስክሌቱ ተገልብጦ ይሰነብታል።

ከጎርፍ ጋር የተያያዘው ጉዳይ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ባሮ ሞልቶ ባለፈ ቁጥር ስለ መከላከያ ግድብ ይነሣል፤ አንድ ቀን በጀት ይያዝለታል፣ ዶዘር ይመጣል፣ አፈር ይከመራል። ለክልሉ የውሃና የመንገድ መሐንዲሶች፣ ለልዩ ወረዳው አስተዳደርም የምለው ይህን ነው። ግድቡን ስትነድፉ አናቱን ሁለት ሜትር ተኩል አስፉት፣ በደንብ ይጠቅጠቅ፣ ከብት የሚወጣበትና የሚወርድበት መተላለፊያ በየመንደሩ ተዉለት፣ መኪና እንዳይገባበት ጫፍና ጫፉ ላይ ድንጋይ ትከሉበት። ከመጀመሪያው መስመር በፊት ደግሞ አሁን ሰው የሚሄድበትን መንገድ ከአኙዋና ከኑዌር ሽማግሌዎች ጋር በእግራችሁ ሂዱበትና ካርታ ላይ አስፍሩት።